አባቴ እንዳስቀመጠው

ያለፈው ሳምንት ላመለጠው ሰው ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። አባቴ ሞተ፤ ድራሙ ቀረ። እናቴ ድራሙን ጠበቀች፤ እኔ እናቴን ጠበቅሁ። በዚሁ አርጅተን ልናልቅ ስንል ጠጋኙ መጣ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ፣ ሽበት ከወጣብኝ በኋላ፣ ሰው ወደድኩ።

ድራሙ ያለው ሳሎናችን ውስጥ ነው። ሳሎናችን ውስጥ አለ ከማለት ሳሎናችን እሱ ነው ማለት ይቀላል። ቀይ ነው። ትልቁ ድራም መሀል ወለሉ ላይ ተጋድሟል፤ ትንንሾቹ ከላዩና ከጎኑ ናቸው፤ ስኔር የሚባለው ጠፍጣፋው ድራም ከፊቱ ነው፤ የነሐስ ሳህን የሚመስሉት ሲምባሎች በቀጫጭን እግሮቻቸው ዙሪያውን ቆመዋል። አባቴ ሆቴል ቤት ባንድ ውስጥ ሲመታው ኖሮ፣ ባንዱ ሲፈርስ ቤት አምጥቶ በገዛ እጁ ተከለው። ብዙም ሳይቆይ አልጋ ያዘ፤ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የተነካ ነገር የለም። ቆዳው የያኔው፣ ብሎኑ የያኔው፣ ዘንበል ያለውም እንደ ዘነበለ ነው።

እኛ በዙሪያው እንኖራለን። እንግዳ ሲመጣ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ለቅሶ የመጣ ነው የሚመስለው። የምግብ ጠረጴዛችን መኝታ ቤት ገብቷል። የእኔ አልጋ የሚዘረጋበት ቦታ ስለጠፋ ይኸው እስከ ዛሬ ከእናቴ ጋር ነው የምተኛው። መጋረጃው አይከፈትም፤ ፀሐይ ቀዩን ቀለም ታጠፋዋለች። እናቴ ድራሙን በደረቅ ጨርቅ ታብሳለች፤ እኔ ደግሞ ከሥራ ስገባ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ተንበርክኬ ሥር ሥሩን እጠርጋለሁ።

ሥራዬ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ቆሜ አንሶላ እተኩሳለሁ፣ አንሶላ አጥፋለሁ። ስለ ድካም የሚያስተምረኝ ሰው የለም።

ድሮ ጠያቂ አላጣሁም ነበር። አንዱ መድኃኒት ቤት የሚሠራ፣ ደህና ሰው፣ ሳሎናችን ገባና ዙሪያውን ቃኝቶ፣ "ይሄ ነገር አብሮ ነው እንዴ የሚመጣው?" ብሎ ቀለደ። እናቴ ሻዩን እንኳ አልደገመችለትም። ሰውዬው በሩን ሳይዘጋ፣ "ልጄን የሚወስድ ድራሙንም ይወስዳል። እንዳለ! ብሎን ሳይጎድል!" አለች። ከዚያ ወዲህ ይህ የቤታችን ሕግ ሆነ። ሕጉን ሰው ሁሉ ሰማ፤ ጠያቂም ቀስ በቀስ እግሩን ሰበሰበ።

ጠጋኙ ሥራው ከሙዚቃ መሣሪያ መሸጫው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የተሰነጠቀ ጊታር፣ ነፋስ የሚያፈስ አኮርዲዮን፣ የተጣመመ ሳክስፎን ይጠግናል። ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል፤ ልጅ አልወለዱም። ስሙን ሰፈሩ ረስቶታል፤ እሱም ጠጋኝ ሲሉት አቤት ማለት ለምዷል። አሮጌ ነገር ሲሰጡት የሚቀይር ሰው አይደለም። አዲስ ብሎን በሳጥን ሙሉ እያለው፣ የድሮዋን ዝገት ያነቃትን ብሎን ዘይት አጠጥቶ፣ ለምኖ፣ አባብሎ መልሶ ያስገባታል። "ኦሪጅናል ነዋ!" ይላል፤ ለምን ሲሉት።

የእኛን ድራም ወሬ ሰምቶ ሊያየው የመጣ ቀን እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው የገባው። ትንፋሹ እንዳይነካው የፈራ ይመስል ነበር። ዞረው። ተንበርክኮ በባትሪ ከሥሩ አየው። ከዚያ ቀና አለና፣

"እማማ፣ ይሄን ሰው ነክቶት አያውቅም?" አለ።

"ማን ደፍሮ!" አለች እናቴ።

ዐይኑ እንባ አቀረረ። እናቴ ልጅ ያገኘች ያህል ደስ አላት። እሷ በዚያው ቀን ወደደችው፤ እኔ ነኝ የዘገየሁት።

ከዚያ እሁድ እሁድ መምጣት ጀመረ። ሲምባሉን በሎሚ እንዳናሸው ነገረን፤ ጥቁረቱ ዕድሜው ነው አለ። አየሩ እንዳይደርቅና እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ጥግ ላይ ውሃ በሳህን እንድናስቀምጥ መከረን። እናቴ ሐኪም ያዘዘላት ይመስል የተባለችውን ሁሉ አደረገች። ለድራሙ ውሃ የምታቀርበው እኔ መሆኔን ግን ማንም ልብ አላለም።

ልብ ያለው እሱ ነው። ድራሙ በአንሶላ ይሸፈናል፤ እሱ ሲመጣ አንሶላው ይገፈፍና ሁለት ሆኖ ማጠፍ ይመጣል። የእናቴ ወገብ እሺ ስለማይል እኔና እሱ ጫፍና ጫፉን እንይዛለን። ማጠፍ የእኔ ሙያ ነው፤ የእሱ እጅ ግን ለብሎን የተፈጠረ ነውና ያጣምመዋል። "ወደ እኔ ና" እለዋለሁ። ይመጣል። ጫፎቹ ሲገናኙ ጣቶቻችን ይነካካሉ። አንድ እሁድ ጣቶቼን አየና፣ "እንፋሎቱ ነው እንዲህ ያደረገሽ?" አለኝ። ሳሙናውም ነው አልኩት። ጫፉን አለቀቀም፤ እኔም አልሳብኩም። እናቴ ከጓዳ፣ "ያ አንሶላ እስካሁን አልታጠፈም?" ብላ እስክትጮህ ድረስ ዐይን ለዐይን እንደተያየን ቆመን ቀረን። በዚያን ሰሞን ሆስፒታል ውስጥ የማጥፈው አንሶላ ሁሉ እሱን ያስታውሰኝ ጀመር፤ ይህ ደግሞ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ አስቡት።

የጋብቻ ጥያቄው እንኳ እንደ እኛው የደከመ ነበር። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተቀምጠናል። አውቶቡሱ ዘግይቷል።

"ደከመሽ?" አለኝ።

"መች አርፌ አውቄ!"

"እኔም" አለ። ጫማውን እያየ፣ "ለየብቻችን ከምንደክም... አብረን ብንደክም አይሻልም?" አለ።

ሳቄ መጣ። ስቄ ስቄ ሳበቃ ፊቴ በእንባ ርሷል። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፤ ሁለታችንም አላየነውም። ለእናቴ እሱ ራሱ ሊነግራት ተስማማን። ባለፈው ሳምንት ያቆምኩላችሁ እዚህ ላይ ነው። ደስታዬ የሚቆይ መስሎኝ ነበር።

ችግሩን ያመጣው አጎቴ ነው። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ በዚያው ባንድ ውስጥ ጥሩምባ ይነፋ ነበር። ባንዱ ቢፈርስም መንፋቱን አልተወም፤ አሁን የሚነፋው ወሬ ነው። ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

"የወንድሜ ልጅ፣ እኔ እንደምታውቂው ወሬ አልወድም" አለኝ።

አጎቴ እንዲህ ካለ የሚሻለው ዝም ብሎ መስማት ነው።

"ያ ጠጋኝሽ ቤት ተከራይቷል።"

"እና? ሰው ቤት አይከራይም?"

"ሰፊ ሳሎን ያለው! በመስኮት አየሁት። ወለሉ ላይ በጠመኔ ክብ ክብ ይሥላል። ትልቅ ክብ፣ ትንሽ ክብ። በክር ይለካል፣ ያጠፋል፣ ደግሞ ይሥላል። የድራሙ ቦታ ነው፤ በዓይኔ በብሌኑ ያየሁት!" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደግሞ ስሚ። የሱቁ ባለቤት አንድ ትልቅ ሆቴል ደንበኛ አለው አሉ። መግቢያው ላይ የሚያቆመው አሮጌ፣ ያልተነካ ድራም ይፈልጋል። ገባሽ? ልጅቱን ያገባል፤ ድራሙ እጁ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ..." እጁን ወደ ሆቴሉ አቅጣጫ ወረወረው።

"ማን ነው እንዲህ ያለው?"

"ሁሉም ነዋ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ያልሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ።"

አላመንኩትም። ግን ጥርጣሬ ከገባ አይወጣም። የመጣው ድራሙን ብሎ ነው። እንባ ያቀረረው ድራሙን አይቶ ነው። እኔን ሲያይ እንባ አቅርሮ ያውቃል? በመንገድ ላይ ይህን እያሰላሰልኩ ስሄድ፣ አንድ ልቤ "ተይ እሱ እንዲህ አይደለም" ይለኛል፤ ሌላው ልቤ ደግሞ "አንቺን በዚህ ዕድሜሽ ማን ምን ብሎ?" ይለኛል። የሁለተኛው ድምፅ ይበረታል። አጎቴ ያመለከተኝ ቤት በር ላይ ደረስኩ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ቤቱ ባዶ ነው፤ አዲስ ቀለም ይሸታል። ሳሎኑ ውስጥ ጠጋኙ በጉልበቱ ተንበርክኮ ክር ወጥሯል። ሱሪው በጠመኔ ነጥቷል። ወለሉ ላይ አጎቴ ያለው ሁሉ አለ፤ ትልቁ ክብ፣ ትንንሾቹ፣ የሲምባሎቹ እግር የሚያርፍባቸው ምልክቶች ሳይቀሩ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ደስ አለው። ያ ደስታው ነው አንጀቴን የበላው።

"ሳልጨርስ መጣሽብኝ!" አለ። "በይ ግቢ። ትልቁ እዚህ ነው። ስኔሩ እዚህ። ከእናትሽ ሳሎን ለክቼ ነው፤ ጣት አይዛነፍም። መስኮቱ እንኳ በዚያው በግራ በኩል ነው። እንዲህ ያለ ቤት ስፈልግ እግሬ ነው የቀጠነው።"

"ለሆቴሉ ነው?" አልኩት።

"የምን ሆቴል?"

ጌታዬ፣ ሰው እንዲህ ግራ ሲገባው አይቼ አላውቅም። ከዚያ ቀስ እያለ ገባው። ክሩን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

"ባለቤቱ ጠይቆኝ ነበር። አይሸጥም፣ ሁለተኛ አታንሳብኝ ብዬ ዘግቼዋለሁ" አለ። "አንቺ ግን... እንዲህ ነው ያሰብሽኝ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ታዲያ ይሄ ለማን ነው?" አልኩት።

"ለእናንተ ነዋ! እናትሽ ድራሙን ትተው አይሄዱም። አንቺ እናትሽን ትተሽ አትሄጂም። እንግዲህ ሦስታችሁንም ልወስድ ነው። ያቺ ፀሐይ የሚገባባት ክፍል የእናትሽ ናት። ድራሙ እዚህ። ምንም ሳይለወጥ፤ ዐይናቸውን ጨፍነው ቢገቡ ቤታቸው ነው የሚመስላቸው።"

"እኛስ?" አልኩት። "እኔና አንተስ የት ነን?"

ዙሪያውን አየ። ከማድ ቤቱ አጠገብ ወዳለች በር አመለከተ። "ትንሽ ጠበብ ትላለች..." አለ።

ሄጄ ከፈትኳት። የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ነበረች።

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነብኝ። "አንተ ሰውዬ!" አልኩት። "ከዚያ ቤት የሚያወጣኝ ሰው መጣ ስል፣ ቤቱን ራሱን ተሸክመህልኝ መጣህ? እኔ እኮ ሳሎን ኖሮኝ አያውቅም! ጓደኛ ጠርቼ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ ጮክ ብዬ ስቄ አላውቅም። ያደግኩት ግድግዳ ተደግፌ ነው። አሁን ደግሞ በራሴ ትዳር፣ በራሴ ቤት፣ እኔ ባልዲ ቤት ልተኛ፤ ድራሙ ሳሎን?"

"የምትወጂው መስሎኝ ነው" አለ። "ስትጠርጊው አይሻለሁ። በጥንቃቄ ነው የምትጠርጊው።"

"እናቴን ስለምወድ ነው! አንድ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ፣ አንቺ ይሄን ነገር ትፈልጊዋለሽ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል? አንተስ ጠይቀኸኛል?"

እጁ ላይ ያለውን ጠመኔ ሲያሽ ቆየ። "እኔ መውደድ የማውቀው እንዲህ ነው" አለ በመጨረሻ። "የወደድኩት ነገር ምንም እንዳይሆንብኝ፤ እንዳለ እንዲቆይልኝ።"

"እኔ ግን እንዳለሁ መቅረት አልፈልግም።"

ይህን ብዬ ወጣሁ። በሩ ላይ ዞሬ ሳየው የሣላቸው ክቦች መሀል ተንበርክኮ እንደቀረ ነው። ልመለስ አሰብኩ። አልተመለስኩም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፤ በሐሰት ጠርጥሬው ሄጄ፣ በእውነት አቁስዬው ተመለስኩ። ያም ሆኖ ከተናገርኩት አንድም ቃል ውሸት አልነበረበትም። ሰው የሚያለቅሰው በውሸቱ ቢሆን እንዴት በቀለለ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀኖች እንዴት እንዳለፍኳቸው አትጠይቁኝ። እተኩሳለሁ፣ አጥፋለሁ። አብራኝ የምታጥፈው ሴትዮ፣ "ምነው ዛሬ ጫፉን ጨምድደሽ ያዝሽው?" ትለኛለች። ማታ እናቴ አጠገብ ስጋደም፣ "ያ ልጅ እሁድ ይመጣል አይደል? ውሃውን ለውጥሽ?" ትለኛለች። ለውጫለሁ እላታለሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።

አርብ ዕለት አጎቴ መልእክት አመጣ። ከዕቃ ማሸጊያ ካርቶን የተቀደደች ቁራጭ ናት፤ በእርሳስ ተጽፎባታል።

"ከጠጋኙ ነው። እኔ አላነበብኩትም" አለኝ። ከዚያ ትንሽ ቆየና፣ "እሁድ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ አለመጻፉ ግን ጥሩ አይደለም" አለ።

እንዲህ ይላል፦ "እሁድ እመጣለሁ። ድራሙን እንደማልወስድ ለእናትሽ በአፌ እነግራቸዋለሁ። የማልወስደው ስላልወደድኩት አይደለም፤ ይሄን ታውቂያለሽ። ካባረሩኝ እሄዳለሁ፤ አንቺን አላስጨንቅም። ወለሉን አጥቤዋለሁ።"

ሌላውን ሁሉ ችዬ አነበብኩት። ወለሉን አጥቤዋለሁ የሚለው ላይ ስደርስ ግን አልቻልኩም፤ ያን ሁሉ የለካውን፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ። እዚያው በሩ ላይ ተንሰቀሰቅሁ። አጎቴ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት፣ "ቆይ፣ እኔ ያነበብኩት እንዲህ የሚያስለቅስ አልነበረም እኮ!" አለ።

ከዚያ ፍርሃቱ መጣ። እናቴን አውቃታለሁ። ጠጋኙን የወደደችው ድራሙን ስለወደደላት ነው። ድራሙን አልፈልግም ያላት ዕለት በሩን ነው የምታሳየው። እኔ ደግሞ እናቴን እምቢ ብዬ አላውቅም። ከእሷ ቃል ወጥቶ መሄድ ቀርቶ፣ ማታ ከእሷ በፊት መብራት አጥፍቼ አላውቅም። እሱ ከተባረረ እኔም አብሬው ካልወጣሁ፣ ሁለተኛ እንደማይመጣ ሳይነግረኝም አውቀዋለሁ።

እሁድ መጣ።

እናቴ ነገር ሽታለች፤ የክት ልብሷን ለብሳለች። አጎቴም ሳይጠሩት መጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ጠጋኙ ሲገባ ፊቱን ተላጭቷል፤ ከስቷል። አላየኝም፤ እንዳላየኝ ያደረገው ሆን ብሎ እንደሆነ ግን አየሁት። አንሶላውን ማንም ለማጠፍ አልተጠራም፤ እናቴ ብቻዋን ጎትታ ጥግ ላይ ከምራዋለች።

"ተቀመጥ፣ ልጄ" አለችው። "ነገር አናብዛ። እኔ እናት ነኝ፤ ሳይነግሩኝ ገብቶኛል። ልጄንም ድራሙንም ሰጥቼሃለሁ። ከአንተ የተሻለ የሚጠብቀው ሰው አላገኝም፤ አሁን ብሞትም አይቆጨኝ።"

አልተቀመጠም። "እማማ" አለ፣ "ልጅዎን ነው የምፈልገው። ድራሙን አልወስድም።"

አጎቴ "ሃይ!" አለ።

"ምን ጎድሎት?" አለች እናቴ።

"ምንም አልጎደለውም። እንደዚህ ያለ አይቼ አላውቅም፤ ሁለተኛም አላይም።"

"ታዲያ?"

"እሷ ደክሟታል" አለ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺን ምን አደከመሽ?"

ይህን ጥያቄ ስጠየቅ ምላሼ አንድ ነው፤ ምንም። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጠጋኙ ኮቱን ሳያወልቅ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ምንም ካልኩ ይሄዳል።

"ድራሙ፣ እማዬ" አልኳት። "ድራሙ አደከመኝ።"

እርግማኗን ጠበቅሁ። እሷ ግን ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"አንቺን?" አለች። "አንቺ አይደለሽም እንዴ አትንኩት ያልሽው?"

"እኔ?"

"ታዲያ ሌላ ሴት ልጅ አለችኝ? አባትሽ በተቀበረ በሳምንቱ ይሄ አጎትሽ ጋሪ ይዞ መጣ። ድራሙን የሚፈልግ ባንድ ተገኝቶ ነበር፤ እኔም ይሂድ ብዬ ነበር። አንቺ ያኔ ገና ጥርስሽን የምትቀይሪ ነበርሽ። ትልቁ ላይ ተጠመጠምሽበት። 'አባዬ እንዳስቀመጠው ይሁን! አትንኩት!' እያልሽ፣ ድምፅሽ እስኪዘጋ። ከዚያ ትኩሳት ያዘሽ። እህል አልቀምስም አልሽ። ባሌን ቀብሬ የቀረሽኝ አንቺ ነሽ፤ ምን ላድርግ? ማልኩልሽ። ብሎኑ አይነካም፣ እንዳለ ይኖራል፣ የትም ብትሄጂ አብሮሽ ይሄዳል ብዬ ማልኩልሽ። ያኔ ነው ጉንጭ ውሃ የጠጣሽው።"

"እውነቷን ነው" አለ አጎቴ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። "እኔን ነክሰሽኛል። ጋሪውን ባዶውን ነው የመለስኩት።"

ላስታውስ ሞከርኩ። ምንም የለም። የሰው ታሪክ ነው የሚመስለኝ።

"እኔማ ድራም ምኔ ነው?" አለች እናቴ። "አባትሽ በሕይወት እያለ እንኳ ሲለማመድ ራሴን ያዞረኝ ነበር። እኔ መጋረጃ ከፍቼ፣ መስኮት አጠገብ ቁጭ ብዬ መንገደኛ ማየት የምወድ ሰው ነኝ። ስትጠርጊው እያየሁ፣ ልጄ የአባቷ ሐዘን አልወጣላትም፣ ልቻለው እላለሁ። ጠያቂ ሲመጣ፣ ድራሙን የናቀ እሷንም ይንቃታል እላለሁ። ለአንቺ ብዬ እኮ ነው!"

"እኔም ለአንቺ ብዬ ነው፣ እማዬ" አልኳት።

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ብዬ ጮኼ ነበር። ለካ ይህ ቤት በሙሉ የአንዲት ትንሽ ልጅ ቃል ይዞ ነው የኖረው። አንዲት ባሏን የቀበረች ሴት፣ ልጇ እንዳትሞትባት ብላ፣ መስኮቷን ዘግታ አረጀች። እኔ ደግሞ የእሷን ዕዳ የተሸከምኩ መስሎኝ በየቀኑ ተንበርክኬ የራሴን ለቅሶ ስጠርግ ኖርኩ። በማን ልናደድ? ያዘንኩት ለሁለታችን ነው። እንዲህ የሚዋደዱ ሰዎች አንድ አልጋ ላይ ተኝተው አንድ ቀን እንኳ አለመነጋገራቸው ነው ያሳዘነኝ።

ሄጄ እግሯ ሥር ተንበረከክሁ። "እማዬ፣ ያቺ ልጅ አድጋለች" አልኳት። "የአባዬም ሐዘን ወጥቶልኛል። አትንኩት ያልኩት እኔ ከሆንኩ፣ እኔው ልበልሽ። ይነካ።"

ያን ጊዜ እናቴ አለቀሰች። አባቴ ሲቀበር እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም ይላል አጎቴ። እንባዋ አገጯ ላይ ይወርዳል፣ አፍንጫዋ ይፈሳል፤ የምትጠርግበት ፍለጋ እጇን ወዲያ ወዲህ ትሰዳለች። አጠገቧ ስኔሩ አለ። ስኔሩ ላይ አባቴ ድምፁ እንዳይጮኽ ብሎ የደረባት እጥፍ መሐረብ አለች፤ ካስቀመጣት ጀምሮ ማንም አላነሳትም። ጠጋኙ ከድራሙ ሁሉ የሚሳሳው ለእሷ ነው። ሌላው የፋብሪካ ሥራ ነው፣ ይህቺ ግን የሰውየው እጅ ናት፤ እጥፋቷ ከተፈታ የሚመልሳት የለም ብሎኝ ያውቃል።

እናቴ አንስታ ዘረጋቻት። ዐይኗን ጠረገችባት። ከዚያ አፍንጫዋን አጥብቃ ተናፈጠችባት።

አጎቴ ራሱን ያዘ። እኔ ጠጋኙን አየሁት። እጁ ሳያውቀው ወደፊት ተዘርግቶ ነበር። ፊቱ ላይ ያለፈውን ነገር ሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም፤ የሞተበት ሰው ነው የሚመስለው። ከዚያ እጁን አጠፈ።

እናቴ ቀና ስትል እጇ ላይ ያለውን አየች። "ውይ! ውይ፣ አፈር ልብላ፣ ምን አደረግሁ?"

"ምንም አላደረጉም፣ እማማ" አላት። "ጨርቅ እኮ ነው። በደንብ ይጥረጉበት።"

ድራሙ የት እንደሚሄድ በኋላ ይታሰባል፤ አጎቴ ከወዲያ በኩል ሐሳብ ማዝነብ ጀምሯል። እኔ አልሰማሁትም። ጨርቅ እኮ ነው የሚለው ቃል ከዚያ ሰው አፍ እንዲወጣ ምን እንደተከፈለበት የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። በሕይወቴ ማንም ይህን ያህል ከፍሎልኝ አያውቅም። ተነሥቼ፣ እናቴ እያየችኝ፣ በሩ ድረስ ሄጄ እጁን ያዝኩት።